ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

አባቶቻችን «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚሉት ጉረኛን አደባባይ ለማውጣት ነው። ችሎታ ያለው ይጋልብ፣ እናያለን ነው ነገሩ። በውርርድ በሚተዳደር የእሽቅድምድም ሜዳ ግን ፈረስና ሜዳ ብቻቸውን አይበቁም፤ ጥርጣሬም ያስፈልጋል። የሎተሪ ትኬት የምንገዛው ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ስለማናውቅ አይደል? አሸናፊው ቁጥር አስቀድሞ ቢታወቅ ሁላችንም ያንኑ እንሻማ ነበር፤ ሎተሪውም በማግስቱ ይዘጋ ነበር። ታዲያ ማንም የማይረታው ፈረስ ሜዳ ሲወጣ ገበያው ምን ይሆናል? ሦስት ፈረሶችን ተከትለን እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ፋር ላፕ ነው። በ1926 ኒውዚላንድ ተወልዶ በ160 ጊኒ ተገዛና ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። ዘመኑ የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ሠራተኛው ሥራ ፍለጋ የሚንከራተትበት ነበር። ኪሱ ባዶ የሆነው ሕዝብ ይህን ዳማ ፈረስ የራሱ አደረገው። አወራራጆቹ ግን ፈሩት። አወራራጅ ማለት «ይህ ፈረስ ቢያሸንፍ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ ከራሱ ኪስ የሚከፍል ነጋዴ ነው፤ የሚኖረውም ብዙ ሰው ሲሳሳት ነው። ስለ ፋር ላፕ ደግሞ የሚሳሳት ጠፋ።

በጥቅምት 1930 አሙኒስ የተባለው ፈረስ የኮልፊልድን ዋንጫ አሸነፈ። «አሙኒስ ኮልፊልድን፣ ፋር ላፕ ሜልበርንን ይወስዳሉ» ብለው በጥምር ያስያዙ ሰዎች ነበሩና የአወራራጆቹ ዕዳ በፋር ላፕ እግር ላይ ተንጠለጠለ። ኅዳር 1 ቀን ጧት ፈረሱ ከልምምድ ሲመለስ ከመኪና ውስጥ ተተኮሰበት፤ ሳተው። ተኳሹ አልተያዘም፤ የሕዝቡ ጥርጣሬ ግን በአወራራጆቹ ላይ ወደቀ። ፋር ላፕ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሮጦ አሸነፈ። በሦስተኛው ቀን የሜልበርንን ዋንጫ ወሰደ። የመክፈያው ልክ እጅግ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ 11 ፓውንድ ያስያዘ ሰው ትርፉ 8 ፓውንድ ብቻ ነበር።

ጥይት ያልቻለውን ክብደት ቻለው። በሜልበርን ዋንጫ ደንብ ብርቱው ፈረስ ከሌሎቹ የበለጠ ይሸከማል፤ ዓላማው ፉክክሩን ማቀራረብ ነው፣ ማለትም ጥርጣሬን መመለስ። ፋር ላፕ በ1930 የተሸከመው 62 ኪሎ ተኩል ያህል ነበር። በ1931 ወደ 68 ኪሎ ከፍ አሉበትና ስምንተኛ ወጣ። ሕዝቡ አዘነ፤ ገበያው ግን ተነፈሰ።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ሴክሬታሪያት ነው። እዚያ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ያስያዙት ሁሉ ገንዘብ በአንድ ቋት ይገባል፣ ሜዳውና መንግሥት ድርሻቸውን ያነሣሉ፣ የቀረውን አሸናፊዎች ይካፈሉታል። ስለዚህ ሕዝብ የሚጠራ ፈረስ ለሜዳው ሲሳይ ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንዱ ካስያዘ የሚካፈሉት ነገር ከየት ይመጣል? ሰኔ 9 ቀን 1973 በኒውዮርክ ቤልሞንት ሜዳ ሴክሬታሪያት ተከታዩን በ31 የፈረስ ቁመት ጥሎ ሲገባ የ2 ዶላር ትኬት የከፈለው 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብቻ ነበር። እንግዲህ ጉዱን ስሙ፦ ከአሸናፊዎቹ ትኬቶች 5,617ቱ ጨርሶ ገንዘብ አልተጠየቀባቸውም። ብዙዎቹ ባለቤቶች ትኬቱን ለማስታወሻ አስቀሩት። የውርርድ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ታሪክ ሆነ።

ለሜዳው ግን ይህ በረከት ዕድሜው አጭር ነው። ሴክሬታሪያት ገና በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለእርባታ በ6 ሚሊዮን 80 ሺህ ዶላር በአክሲዮን ተሸጦ ነበርና የ1973 ዓመት ሳያልቅ ከሩጫ ወጣ። ጥሩ ፈረስ ከመሮጥ ይልቅ በመውለድ የበለጠ ያተርፋል፤ ሜዳው ዝናውን አውጥቶለት ሲያበቃ ሌላው ይወስደዋል።

ሦስተኛዋ ጭራሽ አሸንፋ አታውቅም። ሀሩ ኡራራ የተባለችው ጃፓናዊት ፈረስ በኮቺ ከተማ ሜዳ ትሮጥ ነበር። ሜዳው ለዓመታት ከስሮ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ቢዘጋ የፈረስ አሰልጣኙም፣ ጋላቢውም፣ ጋጣ ጠራጊውም እንጀራቸው አብሮ ይዘጋል። በ2003 የሽንፈቷ ብዛት በጋዜጣ ወጣና አገሩ ሁሉ ወደዳት። መጋቢት 22 ቀን 2004 የጃፓን ዝነኛ ጋላቢ ዩታካ ታኬ ሲጋልባት 13 ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ በዚያ አንድ ሩጫ ከ500 ሚሊዮን የን በላይ ተወራረደ። ከ11 ፈረሶች አሥረኛ ወጣች! የእሷን ትኬት ሰዎች የመኪና አደጋ መከላከያ ክታብ አደረጉት፤ በጃፓንኛ «አይመታም» የሚለው ቃል ለማይደርስ ትኬትም ለማይገጭ መኪናም ይሆናልና። 113 ጊዜ ሮጣ 113 ጊዜ ተሸነፈች። ሜዳው ግን ቀን አገኘ፤ በ2009 የማታ እሽቅድምድም ጀምሮ ኋላም በኢንተርኔት ውርርድ አገገመ።

እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ይገለጥልናል። ኮከብ ፈረስ ጥርጣሬን ሲገድል አወራራጁን ያከስራል፤ ሜዳውን የሚያኖረው ግን ሰው ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅር የሚያወጣው ሁለት ዶላር ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ከማን ኪስ ወጣ? አብዛኛው፣ በሜልበርንም በኮቺም፣ በራሱ ሕይወት ድል ከራቀው ሰው ነው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ትኬቱን የገዛውን ሰው ግን አንርሳው።