ነገር ከሥሩ፦ የዴካርት እኩልታና ስቶክሆልም

በስቶክሆልም የምንኖር ወላጆች ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ምሽት አለ። ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ወላጅ በሀገር ቤት ተማሪ ሳለ በቃሉ የያዘውን «ማይነስ ቢ፣ ፕላስ ኦር ማይነስ ስኩዌር ሩት» ብሎ ሲጀምር፣ ልጁ «እኛ እንደዚህ አይደለም የተማርነው፤ የእኛ ፔ-ኩ ፎርሙላ ነው» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ወላጅም የተማረው ትምህርት በዚህ ሀገር ዋጋ ያጣ መስሎት ዝም ይላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነው። ይህን ለመረዳት «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው ከሥሩ መነሣት ይበጃል። በዚህ መንገድ ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ፣ ፈረንሳዊው ረኔ ዴካርት፣ ሕይወቱ ያለፈው እዚሁ ጋምላ ስታን ውስጥ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኳድራቲክ እኩልታ የሚባለው ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገኝበት እኩልታ ነው። ሥር የሚባለው ደግሞ ባልታወቀው ቁጥር ቦታ ሲገባ እኩልታውን እውነት የሚያደርገው ቁጥር ነው። ለብዙ ዘመን የሊቃውንቱ ሥራ እኩልታው ተሰጥቶ ሥሩን መፈለግ ነበር። በባግዳድ የነበረው አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዓመት፣ «አልጀብራ» ለሚለው ስም መነሻ በሆነው መጽሐፉ፣ አፈታቱን በሥዕል እያስደገፈ አስተምሯል። ይሁን እንጂ ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር እንደ መልስ አይቀበልም ነበር። ጥያቄው ተገልብጦ «ሥሮቹ ቢታወቁ እኩልታው ምን ይሆናል?» የሚለው በሚገባ የተመረመረው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። በፈረንሳይ ቪየት፣ በእንግሊዝ ሃሪየት፣ በሆላንድ ዢራር ድርሻ ድርሻቸውን አበርክተዋል።

ዴካርት በ1637 በሌይደን ከተማ ባሳተመው «ጂኦሜትሪ» በተባለው ሥራው ሦስተኛ ክፍል ነገሩን ማንም ሊከተለው በሚችል መንገድ አሳየ። ኤክስ 2 ከሆነ፣ ኤክስ − 2 = 0 ነው። ኤክስ 3 ከሆነም፣ ኤክስ − 3 = 0 ነው። ሁለቱን እናባዛቸው፦

ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 = 0

ብዜት ዜሮ የሚሆነው ከተባዢዎቹ አንዱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ እኩልታ ከ2 እና ከ3 በቀር ሌላ ሥር ሊኖረው አይችልም። ዴካርት በዚህ አላቆመም። በኤክስ − 4 ሲያባዛው ሦስት ሥር ያለው እኩልታ ወጣ፤ ያንንም በኤክስ + 5 ሲያባዛው አራተኛ ሥር ተጨመረ። ይህ አራተኛው ሥር እኛ ዛሬ −5 የምንለው ነው። ዴካርት እንዲህ ያለውን «ሐሰተኛ ሥር» ይለው ነበር፤ ሐሰተኛ ቢለውም ግን ከሒሳቡ አላባረረውም።

አሁን እኩልታውን መለስ ብለን እንየው። 5 የ2 እና የ3 ድምር ነው፤ 6 ደግሞ ብዜታቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ሥሮች ከታወቁ፣ ድምራቸውን ምልክቱን ቀይሮ ከኤክስ ፊት፣ ብዜታቸውን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሥሮቹ 2 እና −5 ቢሆኑ ድምራቸው −3፣ ብዜታቸው −10 ስለሆነ እኩልታው ኤክስ² + 3ኤክስ − 10 = 0 ይሆናል።

የስዊድን ተማሪ «ፔ» የሚለው ይኸው ምልክቱ የተቀየረው ድምር፣ «ኩ» የሚለውም ይኸው ብዜት ነው። እኛ የተማርነው ከኤክስ² ፊት ማንኛውም ቁጥር እንዲኖር ይፈቅዳል፤ የእነርሱ ግን አስቀድሞ በዚያ ቁጥር ያካፍላል። 2ኤክስ² − 10ኤክስ + 12 = 0 በ2 ሲካፈል የዴካርትን እኩልታ ይሰጠናል፤ ሥሮቹም ያው 2 እና 3 ናቸው። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ዴካርት ስቶክሆልም የገባው በ1649 መጸው ነው። በሀገራችን ዐፄ ፋሲል በጎንደር የነገሡበት ዘመን ነበር። የጋበዘችው የ22 ዓመቷ ንግሥት ክርስቲና ነበረች። ያረፈውም በቬስተርሎንግጋታን ጎዳና፣ በፈረንሳዩ አምባሳደር በሻኑ ቤት ነው። እስከ ረፋድ አልጋው ላይ ሆኖ ማሰብ የለመደውን ሰው፣ ንግሥቲቱ በጥር ብርድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለፍልስፍና ትምህርት ወደ ቤተ መንግሥት አስጠራችው። ሻኑ የሳንባ ምች ታሞ ሲያገግም፣ ዴካርት በዚያው በሽታ ወደቀ። የካቲት ወር ገብቶ በ11ኛው ቀን፣ በ1650፣ በ53 ዓመቱ አረፈ። ካቶሊክ ስለነበረ በሉተራውያን ሀገር ከከተማው ወጣ ባለ መቃብር ተቀበረ፤ አጽሙ በ1666 ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ። ዛሬ በስፍራው የአዶልፍ ፍሬድሪክ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የኡሎፍ ፓልመን መቃብር ለማየት ወደ ግቢው የገባ ሰው ወደ ውስጥ ቢዘልቅ፣ ቀራጺው ሴርጌል ለዴካርት የሠራውን መታሰቢያ ያያል።

የተገለበጠው ጥያቄም ከዚህ ከተማ አልራቀም። ሥሮቹ ማለቂያ የሌላቸው ቢሆኑስ? በርሊን የነበረው ቫየርሽትራስ በ1876 ለዚህ መልስ አሳተመ። ተማሪው የነበረው ስዊድናዊው ሚታግ-ሌፍለር ሐሳቡን አስፋፍቶ በስሙ የሚጠራ ቲዎረም አቆመ። በዩርሾልም የሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ሒሳብ ሊቃውንት የሚሠሩበት ተቋም ነው።

እንግዲህ ልጁ ደብተሩን ሲዘጋ ዝም አንበል። ሁለት ቁጥሮች በልባችን ይዘን፣ ደምረንና አባዝተን እኩልታውን በወረቀት እንስጠው። እርሱ በፔ-ኩ ይፍታው፤ እኛ በለመድነው እንፍታው። በልባችን የያዝናቸው ሁለት ቁጥሮች በሁለቱም ወረቀት ላይ ሲወጡ፣ የአባቱና የእናቱ ትምህርት ባዕድ እንዳልሆነ ልጁ ራሱ ያየዋል።