ሁለት ጉልበቶች፦ ስለ መገጣጠሚያ፣ ስለ እርምጃና ስለ ሐዳር አጥንቶች

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው ተከታታይ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ዓመታቱ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)



የታሪክ መምህር ሆኜ ሳለ ስለ ሰው አጽም እንድናገር ተጋብዣለሁ። የአካልን አሠራር የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስለማይ በድፍረት አልጀምርም። ዳሩ ግን አጥንት ለታሪክ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ርስቱን የሚያስከብር ሰው አጥንት ይቆጥር ነበር፤ አጥንት ማለት ትውልድ ነውና። ታናሽ ታላቁን ሲያከብር ጉልበት ስሞ ይመረቅ ነበር። ቋንቋችንም መገጣጠሚያውንና ብርታቱን በአንድ ቃል፣ ጉልበት ብሎ ይጠራል። ይህ በከንቱ የሆነ አይመስለኝም፤ ጉልበቱ የከዳው ሰው ኃይሉም ይከዳዋል።

ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት ጉልበቶች ነው። ሁለቱም በ1973 በአፋር ምድር፣ በሐዳር፣ በአንድ ተመራማሪ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛው ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ስለ ሁለተኛው ግን የሚናገር ብዙ ሰው የለም።

አስቀድሜ ስለ መገጣጠሚያ ጥቂት ልበል። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አጽም 206 አጥንቶች አሉት። እነዚህ አጥንቶች ብቻቸውን ቢሆኑ ቤት ያልሆነ የእንጨት ክምር ማለት ናቸው። ክምሩን አካል የሚያደርገው መጋጠሙ ነው። የራስ ቅል አጥንቶች እንደተሰፋ ልብስ ተያይዘው አይንቀሳቀሱም፤ የአከርካሪ አጥንቶች በመካከላቸው ባለው ዲስክ አማካይነት በጥቂቱ ይተጣጠፋሉ፤ ትከሻ፣ ዳሌና ጉልበት ግን በሰፊው ይንቀሳቀሳሉ። በእነዚህ በኋለኞቹ የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳ ልም አጥንት ተሸፍኖ፣ በመካከሉ አለስላሽ ፈሳሽ ሰፍሮ፣ ዙሪያው በጅማት ይታሰራል። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፤ ስለዚህ አንዱ እጅን ሲያጥፍ ሌላው ሊዘረጋ ተቃራኒ ሆኖ ይቆማል። አጥንቱ ማንሻ፣ መገጣጠሚያው መደገፊያ፣ ጡንቻው ሳቢ ነው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ቦሬሊ ይህን በሂሳብ ለማስላት የደከመበት ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ፣ እርሱ ካረፈ በኋላ በ1680 እና በ1681 ታተመ። ወጌሾቻችንም ወለምታን ከውልቃት በጣታቸው ዳሰሳ ሲለዩ ኖረዋል፤ እነርሱ መጽሐፍ አልጻፉም እንጂ የመገጣጠሚያን ጠባይ ያውቁ ነበር።

አሁን አንድ እርምጃ ብቻ እናስብ። ሰው ሲራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ለቅጽበት በአንድ እግሩ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት የአካሉ ክብደት በሙሉ በመሬት ላይ ባለው እግር ላይ መዋል አለበት፤ አለዚያ ወደ ጎን ይወድቃል። ሁለቱ የጭን አጥንቶቻችን ከዳሌ ሲነሡ ተራርቀው ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን ወደ ውስጥ እያዘነበሉ በጉልበት አጠገብ ይቀራረባሉ። በዚህ ዝንባሌ ምክንያት እግራችን ከአካላችን መካከል በታች ያርፋል። የቺምፓንዚ ጭን ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ቺምፓንዚ በሁለት እግሩ ሲሄድ ክብደቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያዛወረ ይወዛወዛል። ዝንባሌው በእኛ ዘንድ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቆሞ የሚሄድን ፍጡር ከማይሄደው ለመለየት የጉልበት ስባሪ የሚበቃው በዚህች ማዕዘን ነው።

ወደ ሐዳር ልመለስ። በፈረንሳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ በሞሪስ ታይብ ጠቋሚነት የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ቡድን በ1973 መገባደጃ በአዋሽ ሸለቆ ሲሠራ፣ አሜሪካዊው ዶናልድ ዮሐንሰን ከመሬት ብቅ ያለ አጥንት አየ። በመጀመሪያ የጉማሬ ጎድን መስሎት ነበር። ቀርቦ ሲያነሣው የቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍ ሆነ። ከአጠገቡ የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ተገኘ፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ጉልበት ሆኑ። ጭኑ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነበር። በምድሩ ንብርብር ዕድሜ መሠረት ግኝቱ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው።

ተመራማሪው ያየውን ለማመን የሚያወዳድርበት የዘመናችን ሰው አጥንት አስፈለገው። በበረሃው መካከል ሙዚየም የለም። ያደረገውን በ1981 በታተመው መጽሐፉ ራሱ ተርኮታል፦ በአካባቢው ወደ ነበረ የአፋሮች የድንጋይ መቃብር ሄዶ አንድ የጭን አጥንት ወሰደ። ሲያስተያያቸውም ከመጠን በስተቀር ተመሳሳይ ሆነው አገኛቸው።

ሁለተኛው ጉልበት ይህ ነው። የመጀመሪያው ኤ.ኤል. 129-1 የሚል መለያ ተሰጥቶት በእያንዳንዱ የዘርፉ መጽሐፍ ይጠቀሳል። ሁለተኛው በትረካው ውስጥ ስም የለውም። አንድ ሰው በዚያ ጭን ግመልና ፍየል እየጠበቀ ተጉዟል፤ ሲሞትም ወገኖቹ ድንጋይ ተሸክመው ከምረውለታል። ያ ሰው ለሳይንስ ታላቅ ምስክርነት ሰጠ፤ ነገር ግን እርሱንም ወገኑንም የጠየቀ አልነበረም። ይህን የምናገረው ግኝቱን ለማሳነስ አይደለም። ውድድሩ ትክክል፣ ውጤቱም እውነት ነበር። የታሪክ ጸሐፊ ግን አንድ እውነት በምን መንገድ እንደተገኘ አብሮ መመዝገብ ግዴታው ነው።

በዓመቱ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ድንቅነሽ ተገኘች። ሉሲ የሚለው ስሟ በዓለም ቢገንንም እኛ በዚህ ስም እንጠራታለን። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነበር። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ ግን ያ ቀን ሌላ ትርጉምም አለው። በዋዜማው፣ ኅዳር 14፣ ደርግ በአዲስ አበባ ስድሳ ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ረሸነ። በአንድ ሌሊት ልዩነት በአንድ አገር አንድ ጉድጓድ ተሞላ፣ አንድ አጽም ከምድር ወጣ። በሁለቱ መካከል የምክንያትና የውጤት ግንኙነት የለም፤ ልፍጠርም አልፈልግም። ሆኖም የሐዳርን ታሪክ ከአገሩ ታሪክ ነጥሎ፣ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ እንደተፈጸመ አድርጎ መተረክ ስሕተት መሆኑን ይህ የቀን መቁጠሪያ ያስታውሰናል።

የድንቅነሽ ዳሌና ጉልበት የተናገሩት ምን ነበር? በ1912 በእንግሊዝ አገር ተገኘ የተባለው የፒልትዳውን ራስ ቅል የሰውን አንጎልና የዝንጀሮን መንጋጋ አጣምሮ ስለያዘ፣ ብዙ ሊቃውንት ሰው አስቀድሞ በአንጎሉ ሰው ሆነ ብለው ያምኑ ነበር። ሬይመንድ ዳርት በ1925 ከደቡብ አፍሪካ ትንሽ አንጎል ያላትን የታውንግ ልጅ ሲያስተዋውቅ የሰማው ጥቂት ነው። ፒልትዳውን በ1953 ሐሰተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። የሐዳር አጥንቶች ደግሞ ቅደም ተከተሉን አጸኑት፦ አንጎሏ የእኛን አንድ ሦስተኛ ያህል የሆነች ፍጡር ቆማ ትሄድ ነበር። በ1978 በታንዛኒያ ላኤቶሊ ላይ የተገኙት 3.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የእግር ዱካዎችም ይህንኑ መሰከሩ። ከአእምሮ በፊት ጉልበት ቀደመ ማለት ነው።

ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። ኦዌን ላቭጆይ ድንቅነሽ እንደኛ የምትራመድ ነበረች ሲል፣ በ1983 ጃክ ስተርንና ራንዳል ሰስማን የጣቶቿን አጥንት መጉበጥ አንሥተው፣ ዛፍ መውጣትን አልተወችም ሲሉ ተቃወሙ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ ያገኛት፣ በ2006 ለዓለም ያስተዋወቃት ሕፃን ሰላም የትከሻ አጥንት ለሁለተኛው ወገን ድጋፍ ሆነ፤ ቅርጹ ለመንጠልጠል የሚያመች ነበርና። እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅም ጥያቄ ይነሣል። አንድ ቅርጽ ፍጡሩ ያደርግ የነበረውን ይነግረናል ወይስ ከአያቶቹ የወረሰውን ብቻ? የጎበጠ ጣት የቆየ ውርስ ሊሆን ይችላል። የጉልበት ማዕዘን ግን ሌላ ነው። ሕፃን ሲወለድ የጭን አጥንቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዝንባሌው የሚመጣው ሲቆምና ሲራመድ ነው። መራመድ ባልቻሉ ልጆች ላይ አይታይም። ጁልየስ ቮልፍ በ1892 ባሳተመው ሥራ አጥንት በሚሸከመው ጫና መሠረት ራሱን እንደሚያድስ አስተምሮ ነበር። ስለዚህ የሐዳር ጉልበት የዘር ውርስ ብቻ አይደለም፤ ያ ፍጡር በልጅነቱ ተራምዷል የሚል የግል ምስክርነትም ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ወሬ ሰሚ ሳይሆን የዓይን ምስክር ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ አጥንቱን የሚያነበው ማን ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ የሐዳር አጥንቶች ለጥናት ወደ ኦሃዮ ተጓዙ፤ በኋላ ተመለሱ። በ1982 መንግሥት የውጭ ቡድኖችን የመስክ ጥናት አገደ፤ እገዳው ለዓመታት ጸና። በዚያ ዘመን ሥራ የቆመባቸው ሲያማርሩ ተሰምተዋል። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ ባለሙያ የማሠልጠንና ቅርሱን በአዲስ አበባ የመጠበቅ ጥያቄ ከዚህ ክርክር ጋር አብሮ አደገ። ዛሬ ብርሃነ አስፋው፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በዓለም መድረክ የሚጠቀሱ አንባቢዎች ናቸው። የዮሐንስ ቡድን በ2012 ያቀረበው የቡርቴሌ እግር፣ በድንቅነሽ ዘመን አውራ ጣቱ ቅርንጫፍ የሚይዝ ሌላ ፍጡር በዚያው አፋር እንደነበረ አሳይቷል። አንዱን መንገድ ብቻ ያወቅን ሲመስለን ሁለተኛው ተከፈተ።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ በቤተ ሙከራ አጥንት ስትይዙ ሁለት ነገር እንድታስቡ አደራ እላለሁ። በመጀመሪያ፣ በእጃችሁ ያለው ነገር የሥራ መዝገብ ነው፤ የተሸከመውን ጭነትና የሄደበትን መንገድ በማዕዘኑና በውፍረቱ አስፍሯል። ሁለተኛ፣ ያ መዝገብ ባለቤት ነበረው። የድንቅነሽን ዘመዶች መጠየቅ አንችልም። የድንጋይ መቃብሩን የከመሩት ሰዎች ወገኖች ግን ዛሬም በአፋር አሉ። ስለ መጀመሪያው ጉልበት በሺህ የሚቆጠር ገጽ ጽፈናል። ለሁለተኛው ቢያንስ አንድ አንቀጽ እንድንጽፍለት፣ እርሱም ለሳይንስ እንደተራመደ እንድንመሰክርለት እጠይቃለሁ። ጉልበት መሳም አክብሮት ከሆነ፣ እኛ ጸሐፊዎች ልናደርገው የምንችለው ይኸው ነው።