ጨቅላ ሕፃናት ለሰው ፊት የሚሰጡት ትኩረት

ጨቅላ ሕፃናት ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ የሰው ፊት ዓይናቸውን ይስበዋል። አዲስ የተወለደ ልጅ በደንብ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ነው፤ ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት የሚገኘውም እዚያው ላይ ነው። በ6ኛው ሳምንት ገደማ ለሚያየው ፊት ፈገግ ይላል። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ሌላው ሰው ወደሚያየው ነገር ዞሮ ማየት ይጀምራል።

አመጣጡ

ዝንባሌው አብሮ የሚወለድ ነው ወይስ የሚለመድ? ክርክሩ ገና አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በ1975 ጎረን፣ ሳርቲ እና ዉ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከተወለዱ 9 ደቂቃ ገደማ የሆናቸውን 40 ሕፃናት ፈተኑ። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በየቦታቸው የተሣሉበትን፣ የተዘበራረቁበትንና ምንም ያልተሣለበትን ሰሌዳ በየተራ ከፊታቸው ወደ ጎን በዝግታ ያንቀሳቅሱ ነበር። ሕፃናቱ አንገታቸውን ጭምር እያዞሩ አብዝተው የተከተሉት የተስተካከለውን ፊት ነው። ማርክ ጆንሰንና ባልደረቦቹ በ1991 ሙከራውን ደግመው ተቀራራቢ ውጤት አገኙ፤ ሆኖም ይህ የመከተል ባሕርይ በሁለተኛው ወር ይደክማል። በዚያው ዓመት ጆን ሞርተንና ጆንሰን ሁለት ሥርዓት እንዳለ ገመቱ፦ አንዱ ከውልደት ጀምሮ ልጁን ወደ ፊት የሚመራ፣ ሌላው በልምድ የሚዳብር። በጣሊያን የፍራንቼስካ ሲምዮን ቡድን ግን ሕፃናቱን የሚስበው ፊትነቱ ሳይሆን በላይኛው ክፍሉ ብዙ ነገር መኖሩ ሊሆን እንደሚችል ይከራከራል።

የልምድ ድርሻ

በ2006 የታተመው የያኢር ባር-ሃይም ቡድን ጥናት ልምድ ላለው ድርሻ ጥሩ ማሳያ ነው። የ3 ወር ሕፃናት ተመረጡ፦ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በእስራኤል የሚኖሩ ነጮች፣ እንዲሁም በእስራኤል የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ልጆች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የየራሳቸውን ወገን ፊት አስበልጠው አዩ። ሁለቱንም ዓይነት ፊት እያዩ የሚያድጉት የቤተ እስራኤል ልጆች ግን አላበላለጡም።

ከኦቲዝም ጋር ያለው ግንኙነት

ዋረን ጆንስ እና አሚ ክሊን በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ልጆች በ2 ወራቸው የሰው ዓይን የሚያዩት እንደሌሎቹ ነበር፤ ማሽቆልቆሉ የታየው ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከጥናቱ በፊት ችግሩ ከመጀመሪያው ያለ ይመስል ነበር። የተጠኑት ልጆች ጥቂት በመሆናቸው፣ ከዚህ ተነሥቶ አንድ ልጅ ዓይን ስላላየ ብቻ ኦቲዝም አለበት ብሎ መደምደም አይቻልም።

ከንግግር ጋር ያለው ግንኙነት

በ2012 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንደሚጠቁመው፣ በ4 ወራቸው የተናጋሪውን ዓይን የሚያዩ ሕፃናት በ8 ወራቸው ወደ አፉ ያዘነብላሉ። በ12 ወራቸው በቤታቸው ቋንቋ ሲነገራቸው አፉን ማየት ይቀንሳሉ፤ በባዕድ ቋንቋ ከሆነ ግን አሁንም አፉን ያያሉ።