ተሹሞ የሚሻር ክብር፦ የቃኘው ዘማቾችና ሦስት መንግሥታት

በኮሪያ ጦርነት ስለ ዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተጻፈውን የሚያገላብጥ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው አንድ ውዳሴ ነው፤ አንድም ሰው አልተማረከም፣ የአንድም ጓድ አስከሬን ለጠላት አልተተወም። ውዳሴው መሠረት አለው። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ውጊያ ባሳተመው መጽሐፍ ለኢትዮጵያውያኑ የሌሊት ቅኝት ቦታ ሰጥቷል፤ በጨለማ ወደ ሸለቆው ወርደው፣ ተዋግተው፣ ቁስለኛና ሙታቸውን ተሸክመው ዳገቱን ይመለሱ ነበር። ሆኖም ትረካችን ሐምሌ 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁሙ ሲፈረም አብሮ ይቆማል። ዘማቹ አገሩ ከገባ በኋላ የኖረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ከታሪኩ ውጭ ነው። እኔ ግን ስለ ክብር ብዙ የሚነግረን ይኸኛው ዘመን ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ ተመልምሎ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ፤ ኮሪያም ሲደርስ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመደበ። ስሙ የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የዘመቻውን ምክንያት ያያያዙት ከራሳቸው ቁስል ጋር ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው የጠየቁትንና የተነፈጉትን የጋራ ጸጥታ አሁን ኢትዮጵያ ለሌላው ታስከብራለች በሚል። ወታደሮቹ በአመዛኙ በወረራው ዘመን ልጆች የነበሩ ናቸው። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የሙታኑ አፅም ወደ አገር ተመለሰ። ዶንግዱቾን ላይም ዘማቾቹ የከፈቱት የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ነበር።

የክብሩ ሽረት የጀመረው በደርግ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ግን ችኮላ አለበት። ዘማቹን ላከ የሚባለው መንግሥት ራሱ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከክብር ዘበኛ ጋር ተታኩሷል። ዘበኛውን ያደራጁት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በዚያው ግርግር በቤተ መንግሥት ተገደሉ፤ በሕይወት የተረፈው ክፍልም የጥርጣሬ ዓይን ወደቀበት። በኮሪያ የጦሩ አዛዥ የነበሩት ከበደ ገብሬ ከዙፋኑ ጎን ቆመው ነበር፤ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ከረሸናቸው ስድሳ ያህል ሰዎች ጋር ተረሸኑ። ነገሩ ከዚያም ይቀድማል፤ አምስቱን ዓመት ጫካ የከረመው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. የተሰቀለው አርበኛ ነጻ ባወጣት አገር ውስጥ ነው።

ደርግ ከሰሜን ኮሪያው ኪም ኢል ሱንግ ጋር ሲወዳጅ የቃኘው ኒሻን ከደረት ወርዶ ሣጥን ገባ። ይህን በድንጋይ የሚያሳየን ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት ነው። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የተመረቀው ይህ ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ጥበበኞች እጅ የተሠራ፣ ለሶማሊያው ጦርነት ጀግኖች የተሰጠ መታሰቢያ ነው። ሰሜን ኮሪያን የተዋጋው የትናንቱ ዘማች ግን በዚያችው ከተማ አፉን ይዞ ይኖር ነበር። የእሱ ሐውልት ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ላይ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1960 ዓ.ም. ሄደው መርቀውታል። አዲስ አበባ ላይ፣ አፍንጮ በር አካባቢ፣ መታሰቢያ ያገኘው ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ነው።

ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ። ደቡብ ኮሪያ ውለታዋን አልረሳችም፤ ለቀሩት ዘማቾች ሕክምና፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል መጣ፤ መንግሥትም ዘማቹን በአደባባይ ማመስገን ጀመረ። በዚያው ዓመት ግን በሶማሊያው ጦርነት ካራማራ ላይ የተዋጋው ወታደር የቀድሞው ጦር ተብሎ ተበትኖ ለጎዳና ተዳረገ። በክራንች ተደግፎ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መንገድ ዳር ምጽዋት የሚጠይቀውን ሰው የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። የተዋጋው ለሥርዓቱ ነው ተባለ፤ ድንበሩ የማን እንደነበር የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

በሁለቱ ትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት፣ እንደኔ ግምት፣ የጀግንነት ልዩነት አይደለም። የቃኘው ዘማች መንግሥቱ ሲከዳው ከባሕር ማዶ አስታዋሽ አገር ነበረው። የካራማራው ዘማች ያዳነው የራሱን አገር ስለሆነ ውለታ የሚመልስለት ሌላ አገር የለም። በቅርብ ዓመታት የካራማራ ድል ቀን፣ የካቲት 26፣ መታሰብ መጀመሩ ደግ ነው፤ ለታሪክ ባለሙያው ግን በቂ አይደለም። የቃኘው ሰዎች በአብዛኛው አልፈዋል፤ ከእነሱ ያልተቀዳው አልተቀዳም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የዘመቱት ገና በመካከላችን ናቸው፤ ከኦጋዴን እስከ ጡረታ ቢሮ ደጃፍ ያለውን ሁሉ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ይናገራሉ።