የአያቴ ድምፅ ያለበት ላፕቶፕ

አያቴ በ1984 በሱዳን አድርገው የመጡበትን ጉዞ የተረኩልኝ ቅጂ ያለው አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ሲያበቃ ይኼ ማሽን ወደ 11 አልሻገርም አለ። «አዲስ ግዢ» አሉኝ፤ በየትኛው ሸቀል?

መፍትሔው የመጣው ከሌላ ተማሪ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ማንም የሚያየው፣ የሚያርመውና የሚያካፍለው ጂኤንዩ የተባለ ሥርዓት ሊሠራ ተነሣ፤ ከርነሉ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ ግን ዘገየ። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን አወጣ፤ ክፍተቱ ተሞላ። እኔ ግን ዋናው ዓመት 1992 ነው እላለሁ፤ በገንዘብ ማከፋፈልን ይከለክል የነበረውን ፈቃድ በጂኤንዩ ፈቃድ የተካው ያኔ ነው። ባይተካው ኖሮ እኔ ዘንድ መድረሱን እጠራጠራለሁ።

ጭነቱ ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ ስለሚያጠፋ ቅጂዎቹን አስቀድሜ ገለበጥኩ፤ ሁለቴ (ፈሪ ነኝ)። ሉቡንቱን በፍላሽ ጫንኩ። ዋይፋዩ አንድ ማታ ሙሉ አስለቀሰኝ። በማግሥቱ ፋይሉን ስከፍት አያቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እሺ፣ ከየት ልጀምር?» አሉ።