የቱርካና ሐይቅና የዓሣ ትምህርት ታሪክ

ከካኩማ በስተምሥራቅ ያለው የቱርካና ሐይቅ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ወደ እርሱ ከሚገባው ውኃ አብዛኛውን የሚያመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው የኦሞ ወንዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ በዳርቻው ስለተሰጠው የዓሣ ማጥመድ ትምህርት ታሪክ እናነሣለን። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የቱርካና ሕዝብ ሀብቱ ግመል፣ ከብት፣ ፍየልና በግ ነው። ዓሣ ማጥመድ በብዙዎች ዘንድ መንጋው ያለቀበት ድኻ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1960 እና በ1961 ድርቅ መንጋውን በፈጀ ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ችግረኞችን በፈርጉሰን ሰላጤ ዳርቻ አስፍሮ ዓሣ ማጥመድን አስተማረ። ኋላም ዓሣ አስጋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ።

በ1970ዎቹ የኖርዌይ መንግሥት የርዳታ ድርጅት ኖራድ ጀልባ፣ መረብና ባለሙያ ይዞ መጣ። ከኪታሌ ወደ ሎድዋር የሚወስደው መንገድም በኖርዌይ ርዳታ ተሠራ። በ1981 በካሎኮል ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ተጠናቀቀ። ይሁን እንጂ በዚያ ሐሩር ዓሣን ለማቀዝቀዝ የሚጠይቀው ወጪ ዓሣው ከሚያስገኘው ገቢ በለጠ፤ ፋብሪካው ጥቂት ቀናት ብቻ ሠርቶ ማቀዝቀዙን ተወ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሐይቁ ሸሽቶ የቆረሶ መናኸሪያ የነበረው ሰላጤ ደረቀ። በዳርቻው ከሰፈሩት ብዙዎቹ እንደገና የርዳታ እህል ጠባቂ ሆኑ። በ1990 ኬንያ ከኖርዌይ ጋር የነበራትን ግንኙነት ስታቋርጥ ርዳታውም ቆመ።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? «ዓሣ ከመስጠት ማጥመድን ማስተማር ይበልጣል» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ውኃው ሲሸሽና ገበያው ሲርቅ የተማረው ሰው ምን ይበላል? የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት።

ሆኖም ትምህርቱ ሁሉ ከንቱ አልቀረም። ከባዱ መኪና ዝም ሲል መረብ መጣሉ፣ ዓሣ መሰንጠቁ፣ ጨው ነስንሶ በፀሐይ ማድረቁ በሰው እጅ ቀረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ውኃው ወደ ሰላጤው ሲመለስ ሰዎቹም ወደ መረባቸው ተመለሱ። ዛሬም በዚያ ዳርቻ ቆረሶ በፀሐይ ይደርቃል።

በመጠለያችን ልዩ ልዩ ሥልጠና የምትከታተሉ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፤ ሙያውን ስትማሩ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፣ ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው፣ ገበያው የት እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ። ድርጅት መጥቶ ይሄዳል። በእጅ የገባ ሙያ ግን ከሰውየው ጋር ይሰደዳል፤ ከሰውየውም ጋር አገሩ ይገባል።