ባሕር የሸሻቸው ደሴቶች

ባለፈው ዓመት የጂኦግራፊ መምህራችን «በኢትዮጵያ ያሉትን ደሴቶች ጥሩልኝ» ሲሉ ጠየቁን። ጓደኞቼ የጣናንና የዝዋይን ደሴቶች በየተራ ጠሩ። እኔ ግን ጨው ጫኝ የመኪና ሾፌር ከሆነው አባቴ የሰማሁትን አስታውሼ «አፍዴራ ሐይቅ ውስጥም አንድ አለ» ብል ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። መምህራችን ግን አልሳቁም። ካርታውን ዘርግተው፥ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ መሆኑን፥ ደሴቲቱም ከዓለም ደሴቶች ሁሉ ዝቅተኛዋ እንደምትባል አስረዱን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ሳቅ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ! ደሴት ማለት በውሃ የተከበበ ምድር ነው ብለን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ነገር ግን ውሃው ጥሎት ቢሄድ ደሴቱ ምን ይባላል? የዓረቢያ ምድር ከአፍሪካ በጥቂቱ፥ ይኸውም በዓመት ከሁለት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፥ እየተለየች ትሄዳለች። በስንጥቁም የቀለጠ ዓለት ይወጣል። ስንጥቁ በቀይ ባሕር ሥር ሲያልፍ ደሴት ይሠራል፤ በአፋር ምድር ሲያልፍ ተራራ ይሠራል። የመን አጠገብ ባሉት የዙበይር ደሴቶች መካከል በ2004 እና በ2006 ዓ.ም. ሁለት አዳዲስ ደሴቶች ከባሕር እያጨሱ ወጥተዋል። እነዚህ ደሴቶችና በእኛ ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን የተሰለፉት ፈንታሌ፥ ዶፈን፥ አያሉ፥ ዳባሁና ኤርታሌ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

በሰሜን በኩል ግን ነገሩ ዝምድና ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ ራሱ እዚያ ነበረ። የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ረባዳ ገብቶ ነበር፤ በጨው ሜዳው ዳርቻም የኮራል ድንጋይ ዛሬ ድረስ ይታያል። መግቢያው በተዘጋ ጊዜ ውሃው በፀሐይ ተንኖ ጨዉ ቀረ። ባሕሩ በየዘመኑ ደጋግሞ ስለ ገባ፥ የጨዉ ውፍረት በአንዳንድ ስፍራ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን የመረመረው የእሳተ ገሞራ ሊቅ ሃሩን ታዚየፍና ባልደረቦቹ ደግሞ፥ በውሃ ውስጥ ፈንድቶ የተሠራ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ በየብስ ላይ ቆሞ አገኙ። ግመል የሚሰማራበት የባሕር ውስጥ ተራራ ማለት ይህ ነው!

ሰውም ከዚህ ምድር ጋር የኖረው ከሁሉ ቀድሞ ነው። ከአዳይቱ ብዙ በማይርቀው በሐዳር፥ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት የታወቀው በእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ አመዱ ንብርብር እየሠራ አጥንቱን ስለ ቀበረ ሊቃውንት የአመዱን ዕድሜ ለክተው የአጥንቱን አወቁ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ቻላቸው ስዩም የተባለው ኢትዮጵያዊ ተማሪ በሌዲ ገራሩ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነውን የመንጋጋ አጥንት አገኘ። ተማሪ መሆኑን እዩልኝ።

ባሕሩ ከተወው ጨው አፋሮች አሞሌ እየቆረጡ፥ በግመል በበራህሌ በኩል ወደ መቀሌ ይሰዱ ነበር፤ አሞሌውም ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የዳባሁ ነገር ነው። ውሃ በሌለበት በዚያ ተራራ አርብቶ አደሮች ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት ላይ ድንጋይ ከምረው፥ ቀዝቅዞ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይጠጣሉ። እሳት ውሃ ሲያጠጣ ማን ሰምቷል?

ያው ዳባሁ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ፈነዳ፤ ከሥሩም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከዚያ በፊት በ1961 ዓ.ም. የመሬት መናወጥ የሠርዶን ከተማ አፍርሶ ሰው ገድሏል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን መካከል ምድሪቱ ለወራት ስትናወጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ለቀቀ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታሌ ተራሮች በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በአፍዴራ በኩል የከብቱ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ።

በ2017ቱ መናወጥ እኛም በአዳይቱ ሌሊት ሌሊት እየተነሣን ውጭ እናድር ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልሁ። የብሎኬት ቤት ያለን ሁላችን ሜዳ ላይ ስንንቀጠቀጥ፥ አፋሯ ጎረቤታችን ከልጆቿ ጋር በሰሌን ቤቷ ውስጥ ተኝታ ነበር። ቀጫጭን እንጨትና ሰሌን ቢወድቅ ማንን ይገድላል? ይህን ቤት የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ግመል ላይ ተጭኖም ይሄዳል። እኛ ግን ቋሚ ቤት መሥራትን ሥልጣኔ ብለን፥ በሚንቀሳቀስ ምድር ላይ የማይንቀሳቀስ ግድግዳ እንጭናለን። የብሎኬቱ ቤት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ትምህርት ቤት በሰሌን አይሠራም። ነገር ግን ብረቱና ማሰሪያው እንዴት መሆን እንዳለበት ከግንበኛው የሚጠይቅ ሰው በሰፈራችን አላየሁም።

አባቴ ባለፈው ወር ያችን ጎረቤታችንን ለምኖ በጓሮአችን የሰሌን ቤት አሠርቷል። የመንደሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት። እናቴ ግን አልጋዋን ወደዚያው አዛውራለች።